ክራርና ድምፅ ማጉያ

በምሥራቅ ጎጃም፣ በአምበር፣ በቢቸናና በሞጣ አካባቢ፣ የቃል ጥበብ ከፍ ያለ ክብር አለው። በቢቸና አቅራቢያ የሚገኘው የዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ ጉባኤ ስሙ በመላ አገሪቱ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ሰምን ከወርቅ ለይቶ መስማት የቅኔ ተማሪው ብቻ ሙያ ሆኖ አልቀረም። በጠላ ቤትና በሠርግ ዳስ የሚቀመጠውም አድማጭ ከዘፋኙ አፍ የሚወጣውን ስንኝ ይመዝናል፤ «ተቀበል» ብሎም የራሱን ግጥም ያቀብላል። በእንዲህ ያለ አገር የሙዚቃ መሣሪያ ዋነኛ ተግባር ቃልን መሸከም ነው።

መሰንቆ የአዝማሪው መታወቂያ ሲሆን፣ ክራር ደግሞ ከአዝማሪው ውጭም ብዙ ወዳጆች ያሉት መሣሪያ ነው። በገና ለውዳሴና ለጸሎት ሲከበር፣ ክራር የፍቅርና የመሸታ ቤት ጓደኛ ተብሎ ለረጅም ጊዜ ሲነቀፍ ኖሯል። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዲሬክተር የነበሩት አሸናፊ ከበደ እ.ኤ.አ. በ1977 ስለ ክራር ባሳተሙት ጥናት ርእስ ውስጥ «የሰይጣን መሣሪያ» የሚለውን ስያሜ ማስገባታቸው ይህንኑ አመለካከት ያስታውሳል።

የክራር ድምፅ ለምን አነስተኛ እንደሆነ አሠራሩ ያስረዳል። ከእንጨት በተፈለፈለ ገበቴ ላይ ቆዳ ይወጠራል፤ ሁለት ቋሚዎች ቀንበሩን ይሸከማሉ፤ አምስት ወይም ስድስት ክሮች ከታች ተነሥተው በብርኩማው ላይ በማለፍ ቀንበሩ ላይ ይጠመጠማሉ። ክሩ ቀጭን ስለሆነ ብቻውን አየሩን ብዙ አያንቀሳቅስም። ንዝረቱ በብርኩማው በኩል ወደ ቆዳው ሲተላለፍ ግን ቆዳውና ገበቴው ድምፁን ያሰፉታል። እንግዲህ የክራር ለዛ የክር፣ የቆዳና የእንጨት የጋራ ሥራ ነው። በክረምት ቆዳው እርጥበት ሲያገኝ የሚላላውና ፀሐይ ወይም እሳት የሚያስፈልገውም ከዚሁ የተነሣ ነው።

አመታቱም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ክሮቹን በጣት አንድ በአንድ መደርደር ሲሆን፣ ለስለስ ላለ ዜማና ለግጥም ይስማማል። ሁለተኛው ደግሞ የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን ክሮች አፍነው ሲይዙ፣ በቀኝ እጅ ሁሉንም ባንድነት መግረፍ ነው፤ ይህ ለጭፈራ ይመቻል። በሁለቱም ዘዴ ክራሩ የሚቃኘው እንደ ዘፋኙ ጉሮሮ ነው፤ ትዝታም ይሁን ባቲ፣ አምባሰልም ይሁን አንቺሆዬ፣ መነሻው የሰው ድምፅ ነው።

ክራር ከቤት ወደ ሰፊ አዳራሽ ሲወጣ ችግሩ ታየ። እ.ኤ.አ. በ1963 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በግብፃዊው የሙዚቃ ሰው በሐሊም ኤል ዳብህ አማካይነት የተቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ቀድሞ ለየብቻቸው ይሰሙ የነበሩትን ያገር ባህል መሣሪያዎች ባንድ መድረክ ላይ አሰባሰበ። ጥቂት ሰዎች በቅርብ ተቀምጠው ይሰሙት የነበረው ክራር አሁን በወንበር ተደርድሮ ለተቀመጠ ተመልካች መድረስ ነበረበት። ካሳ ተሰማ፣ ሜሪ አርምዴና አስናቀች ወርቁ ደግሞ ክራራቸውን ይዘው በሸክላና በካሴት በየቤቱ ገቡ። ማይክሮፎን በዚህ ረገድ ባለውለታ ነው። አንሾካሹኮ የሚናገር መሣሪያ ባሕርዩን ሳይለውጥ ሩቅ እንዲሰማ አድርጓልና።

ኤሌክትሪክ ግን ሌላም መንገድ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1931 አሜሪካ ውስጥ ለጊታር የተሠራው በማግኔት የሚሠራ «ፒክ አፕ» የክርን ንዝረት በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። ይህ ዘዴ ወደ ክራር ሲመጣ ጅማቱም ሆነ ናይለኑ ቦታውን ለብረት ክር መልቀቅ ግድ ሆነበት፤ ማግኔት ብረት ያልሆነውን አይሰማምና። ከዚህም በላይ ማግኔቱ የሚሰማው ክሩን ብቻ ስለሆነ የቆዳውና የገበቴው ድርሻ እጅግ ያንሳል። ባንጻሩ ማይክሮፎን ሙሉውን ድምፅ ይይዛል፤ ነገር ግን ከማጉያው የሚወጣው ድምፅ ተመልሶ የተወጠረውን ቆዳ ሲያንቀጠቅጠው ያፏጫል። በብርኩማው ሥር ወይም በቆዳው ላይ የሚለጠፍ ንዝረት ተቀባይ በሁለቱ መካከል ቢቆምም፣ የጣትን መነካካት ሳይቀር አጉልቶ ያወጣል። ስለዚህ ማጉላት ሁሉ መምረጥ ነው፤ አንዱን ሲያተርፍ ሌላውን ያስቀራል።

የኤሌክትሪክ ክራርን እንደ ጥፋት ብቻ መቁጠር ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። በለንደን በተመስገን ዘለቀ የሚመራው ክራር ኮሌክቲቭ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው አልበም የተገረፈ ክራር ከከበሮና ከድምፅ ጋር ብቻ ሆኖ ትልቅ መድረክ ሊሞላ እንደሚችል አሳይቷል። ሙላቱ አስታጥቄም በኤም አይ ቲ ተጋባዥ በነበሩበት ጊዜ ዘመናዊ ክራር ለመሥራት በተደረገው ጥረት በአማካሪነት ተሳትፈዋል። መሣሪያው ሕያው ስለሆነ ይለወጣል።

አሳሳቢው ጉዳይ ሌላ ነው። በሠርግ ዳስ ውስጥ ጄኔሬተርና ትልልቅ ማጉያ ሲገቡ፣ ክራሩ በኪቦርድ ቅኝት ለመገዛት ይገደዳል፤ ዘፋኙ ይጮኻል፤ ከዳሱ ጥግ «ተቀበል» የሚለው ሽማግሌ ግን ማይክሮፎን ስለሌለው አይሰማም። የመድረኩ ድምፅ ሲያድግ የአድማጩ ድምፅ ይጠፋል፤ ሰምና ወርቁም አብሮ ይደበዝዛል። አምበርንና ቢቸናን በመሰለ ለቃል በሚሳሳ አገር ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

መፍትሔውም በሙያው ሰዎች እጅ ነው። ለጭፈራው የብረት ክርና ፒክ አፕ ይገባዋል፤ ለትዝታው አንድ ማይክሮፎንና ዝቅ ያለ ማጉያ ይበቃዋል፤ ለተቀበል ሰዓት ደግሞ ማጉያውን ማጥፋት ያስፈልጋል። ክራር መቃኘትን የሚማር ወጣት ይህንንም አብሮ ሊማር ይገባዋል፤ ድምፅ ማጉያም እንደ ክር ሁሉ ሊላላና ሊጠብቅ የሚችል፣ መቃኘት ያለበት ነገር ነውና።