የእንጦጦ ክረምትና ጥንቃቄው

በበረዷማ አገሮች ተራራ ወጪዎች የሚፈሩት የበረዶ ናዳን ነው። የእኛ ናዳ ጎርፍና ጭቃ ነው። የየካ ክፍለ ከተማ ነዋሪ እንደመሆኔ፣ ክረምት ሲገባ ወደ እንጦጦ ለሚወጡም ሆነ ከግርጌው ለሚኖሩ ጥቂት ነጥቦችን ላስታውስ።

እንጦጦ ወደ 3,200 ሜትር ከፍታ አለው። ከመሐል ከተማው በ800 ሜትር ያህል ስለሚበልጥ ቅዝቃዜው እስከ 5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሊጨምር ይችላል። የበልግ ዝናብ ከየካቲት እስከ ግንቦት ይጥላል፤ የሚበረታው ግን በሐምሌና በነሐሴ ነው። ነጎድጓዱና በረዶው በአብዛኛው ከሰዓት በኋላ ስለሚመጣ፣ በጠዋት ወጥቶ እስከ እኩለ ቀን መመለስ ይመረጣል።

መብረቅ ታይቶ ነጎድጓዱ ከ30 ሰከንድ በፊት ከተሰማ አደጋው ቅርብ ነው። ከጉብታ መውረድ፣ ከብቸኛ ዛፍ መራቅ፣ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማም በኋላ 30 ደቂቃ መታገሥ ያስፈልጋል።

ባሕር ዛፍ በሞላው ቁልቁለት ከሥሩ የሚበቅለው ሣር ጥቂት ነው፤ የረገፈው ቅጠልም ለማገዶ ይጠረጋል። ስለዚህ ዝናቡ ወደ መሬት ሳይሰርግ ወደ ቀበና ወንዝ ይንደረደራል። ከታች ፀሐይ እያለ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። ውኃው በድንገት ከደፈረሰ ወይም ድምፁ ከጨመረ መሻገር አይገባም። አዲስ የመሬት ስንጥቅና ያዘነበለ ዛፍም የመንሸራተት ምልክቶች ናቸው።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ቀድመው የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ነበሩ። መሬቱ ዳግም ሊናድ እንደሚችል መዘንጋት የለበትም።

በሕግ ትምህርት ቤት "ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል" የሚባል ነገር ተምረናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጎርፍንና መብረቅን በምሳሌነት ይጠራል። ሆኖም በአንቀጽ 1792 መሠረት፣ ባለዕዳው አስቀድሞ ሊያስበው የሚችለው ነገር ምክንያት አይሆነውም። ድንጋጌው የተጻፈው ለውል ነው፤ አስተሳሰቡ ግን ለሁላችንም ይሠራል። ሐምሌ በየዓመቱ ይመጣል። የፍሳሽ ቦይ ያልጠረገ አስተዳደርም፣ በወንዝ አፋፍ ቤት የሚያከራይ ባለንብረትም "ድንገት ደረሰብን" ሊሉን አይገባም። ቅጠልና ጭራሮ ተሸክማ ከተራራው የምትወርደው እናት ቀኗን መምረጥ አትችልም፤ እነርሱ ግን ለመዘጋጀት ከጥቅምት እስከ ግንቦት ጊዜ አላቸው።