የተማሪው ስንቅ፦ የኢትዮጵያ የጤና ባለሙያዎች የውጭ አገር ትምህርትና ዝግጅቱ በታሪክ ሲታይ

መግቢያ

ዘመናዊ ሕክምና ወደ ኢትዮጵያ የገባው በውጭ አገር ሐኪሞች እጅ ነው። ከዓድዋ ጦርነት በኋላ በ1896 የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን፣ ልዩ ልዩ ሚሲዮኖችና የየአገሩ ሌጋሲዮን ሐኪሞች የመጀመሪያዎቹን ሕክምና ጣቢያዎች ከፍተዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በአገር ውስጥ የሕክምና ፋኩልቲ የተቋቋመው በ1964 በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት ሐኪም ለመሆን የፈለገ ኢትዮጵያዊ ያለው ምርጫ አንድ ብቻ ነበር፤ ባሕር መሻገር።

ስለዚህም የኢትዮጵያ ሕክምና የመጀመሪያ ምዕራፍ የመንገደኞች ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዛሬ ለውጭ አገር ትምህርት የሚዘጋጅ ወጣት ባለሙያ ፓስፖርቱን፣ የቅበላ ደብዳቤውን፣ የቋንቋ ፈተናውንና የመግቢያ ፈቃዱን አንድ በአንድ ያሟላል። እነዚህ ሁሉ ተፈላጊ ናቸው። ሆኖም ቀደም ብለው የተጓዙት ሰዎች ታሪክ እንደሚያስረዳው ሙሉ ዝግጅት ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል። አንደኛው የቋንቋና የመሠረታዊ ዕውቀት ስንቅ ነው፤ ሁለተኛው ከአገር ይዞት የሚሄደው ጥያቄ ነው፤ ሦስተኛው ሲመለስ የሚጠብቀው የሥራ ቦታ ነው። ከሦስቱ ብዙውን ጊዜ የተዘነጋው ሦስተኛው ሲሆን፣ ከሁሉ የበለጠ ዋጋ ያስከፈለውም እርሱ ነው።

ሳያቅዱ የሄዱት የመጀመሪያው ሐኪም

በዘመናዊ ሕክምና የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም የሚባሉት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ወደ ውጭ አገር የሄዱት በዕቅድ አልነበረም። በ1868 መቅደላ ሲወድቅና ዐፄ ቴዎድሮስ ሲያርፉ ወርቅነህ ገና ሕፃን ነበሩ። የእንግሊዝ ጦር ሲመለስ መኮንኖች ወደ ሕንድ ወሰዷቸው፤ ስማቸውም ከአሳዳጊዎቻቸው ተወስዶ ቻርለስ ማርቲን ተባለ። በላሆር የሕክምና ትምህርት ቤት ተምረው በ1882 ተመረቁ፤ ቆይተውም በስኮትላንድ ትምህርታቸውን አጠናክረው በበርማ በሐኪምነት አገለገሉ።

በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ ሲመጡ የተሟላ የሕክምና ዕውቀት ነበራቸው፤ የአገራቸው ቋንቋ ግን ጠፍቷቸው ነበር። ከወገናቸው ጋር የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነበር። አያታቸው የለዩአቸው በሰውነታቸው ላይ በነበረ ጠባሳ እንደሆነ በሰፊው ይነገራል። በዚያን ጊዜ ለአንድ ኢትዮጵያዊ ሐኪም የተዘጋጀ መሥሪያ ቤት አልነበረም፤ እርሳቸውም ወደ በርማ ተመለሱ። ጨርሰው ወደ አገራቸው የገቡት ብዙ ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ የሠሩት ሥራ ብዙ ነው። የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1925 ሲከፈት የበላይ ተቆጣጣሪ ሆነዋል፤ በኋላም በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው አገራቸውን ወክለዋል። ይሁን እንጂ የአንድ ሐኪም ሙሉ የጉልምስና ዘመን ከአገሩ ውጭ ማለፉ ለመመለሻው የተዘጋጀ ቦታ አለመኖሩ ምን ያህል እንደሚጎዳ ያሳያል።

ተልከው የሄዱት

በመንግሥት ዕቅድ ለሕክምና ትምህርት ከተላኩት መካከል ዶክተር መላኩ በያን በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ በአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ድጋፍ በመጀመሪያ ወደ ሕንድ፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ ሄዱ። በኦሃዮ ግዛት በሚገኘው መስኪንገም ኮሌጅ ከተማሩ በኋላ ወደ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ1935 በሕክምና ተመረቁ።

ከመነሻቸው እስከ ምረቃቸው ከአሥር ዓመት የሚበልጥ ጊዜ ማለፉ የሚያስደንቅ አይደለም። በዚያን ዘመን በኢትዮጵያ የተሟላ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አልነበረም፤ ስለዚህ ተላኪው ወደ ሕክምናው ከመግባቱ በፊት በአገር ቤት ሊያገኘው ይገባ የነበረውን ሒሳብ፣ ሳይንስና ቋንቋ በባዕድ አገር መማር ነበረበት። የመጀመሪያው ስንቅ በጎደለበት ሁሉ ዋጋው በዓመታት ተከፍሏል።

ዶክተር መላኩ በተመረቁበት ዓመት ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ፤ በዚያው ዓመት የፋሽስት ወረራ ጀመረ። በ1936 ደግሞ ለኢትዮጵያ ድጋፍ እንዲያሰባስቡ ወደ አሜሪካ ተላኩ። በ1937 በኒው ዮርክ የተመሠረተውን የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በመምራት ሲደክሙ ቆይተው በ1940 አረፉ፤ የአገራቸውን ነፃነት አላዩም። ከአሥር ዓመት በላይ የተደከመበት የሕክምና ዕውቀት በአገር ውስጥ የሠራው እጅግ ለአጭር ጊዜ ነበር።

ወረራው በዚያ ትውልድ ላይ ያደረሰው ጉዳት በአንድ ሰው አያበቃም። የጥቁር አንበሳን የአርበኞች ማኅበር በመሪነት ያገለገሉት በእንግሊዝ አገር የተማሩት የእንስሳት ሐኪም ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። በእንግሊዝ አገር የተማሩት የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ቢንያምና ዮሴፍም በ1937 በፋሽስቶች እጅ ተገድለዋል። በ1941 ነፃነት ሲመለስ አገሪቱ የተማረ ሰው ፍለጋ እንደገና ከመጀመሪያው መነሣት ነበረባት።

በስደት የተገኘ ሙያ

በዚሁ የስደት ዘመን የተከናወነ አንድ ትምህርት ለጤና ባለሙያዎች ልዩ ትርጉም አለው። የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በለንደን በሚገኘው ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ሙያ ተምረው በ1939 ተመረቁ። የንጉሥ ልጅ የሕመምተኛ አልጋ አንጥፋ፣ የሌሊት ተራ ወጥታ ሙያ መማሯ ነርስነት ገና ባልታወቀበት አገር ለሙያው ክብር የሚያተርፍ ነበር።

ልዕልት ፀሐይ ነፃነት እንደተመለሰ አገራቸው ገብተው ማገልገል ጀመሩ። ነገር ግን በ1942 በነቀምቴ በወሊድ ምክንያት አረፉ፤ ዕድሜያቸው ገና ሃያዎቹን አልተሻገረም ነበር። በለንደን የሠለጠነችው ነርስ ሕይወቷ ያለፈው የአገሯን እናቶች በየዕለቱ ይቀጥፍ በነበረው በዚያው ምክንያት መሆኑ ከባድ ትምህርት ያዘለ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ተምሮ መምጣቱ በቂ አይደለም፤ የተማረው ሰው የሚሠራበት ሆስፒታል፣ የሥራ ባልደረባና መሣሪያም አብሮ መገኘት አለበት። በስማቸው የተሠራው ሆስፒታል ሥራ የጀመረው እርሳቸው ካረፉ ከዓመታት በኋላ ነው።

የአገር ቤት መሠረት

ከነፃነት በኋላ የተወሰዱት እርምጃዎች የመጀመሪያውን ስንቅ በአገር ውስጥ ለማዘጋጀት የታሰቡ ነበሩ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1943፣ የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት በ1946፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ደግሞ በ1950 ተከፈቱ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሰጠቱ የተላኪውን የቋንቋ ሸክም አቃለለ። ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ጭምር ወደ እስክንድርያ ቪክቶሪያ ኮሌጅ ሄደው፣ ከዚያ በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማሩት ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ የቀድሞውን መንገድ ሲወክሉ፣ ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ደግሞ የቅድመ ሕክምና ትምህርታቸውን በአዲስ አበባ አጠናቅቀው ወደ ቤይሩትና ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ለመግባት ቻሉ።

በ1953 በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሌላ ሐሳብ አስከተለ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1954፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቁሞ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድነት ማሠልጠን ጀመረ። ሠልጣኞቹ የአገሪቱን በሽታ በአገሪቱ ገጠር ውስጥ እየተማሩ ነበር። በ1964 የሕክምና ፋኩልቲው በአዲስ አበባ ሲከፈት ደግሞ ለመጀመሪያ የሕክምና ዲግሪ ባሕር መሻገር ግዴታ መሆኑ እያበቃ መጣ። ከዚያ ወዲህ የውጭ አገር ትምህርት በአብዛኛው የስፔሻሊቲና የምርምር ጉዳይ ሆነ።

ጥያቄ ይዞ መሄድ፣ ጥያቄ ይዞ መመለስ

ሁለተኛውን ስንቅ፣ ማለትም የአገርን ጥያቄ፣ ከማንም በላይ የሚያስረዳው የዶክተር አክሊሉ ለማ ታሪክ ነው። በአሜሪካ ተምረው በ1964 በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ያገኙት ዶክተር አክሊሉ፣ በዚያው ዓመት ስለ ቢልሃርዚያ ለማጥናት ወደ ዓድዋ ሄዱ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተከማችተው አዩ። የበሽታው ተሸካሚ ቀንድ አውጣ በእንዶድ ሊጠፋ እንደሚችል የተደረሰበት ግኝት መነሻው ይህ ነበር።

እንዶድን የኢትዮጵያ እናቶች ለዘመናት ሲያውቁት ኖረዋል። የውጭው ትምህርት ለዶክተር አክሊሉ የሰጣቸው የታየውን ነገር የመጠየቅና የመፈተን ዘዴ ነው። ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሸልመዋል። ዕውቀቱ ፍሬ ያፈራው በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ምርምሩን የሚያስቀጥል ተቋም በመመሥረቱም ጭምር ነው፤ ያ ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

በምሥራቅና በምዕራብ በር

ከ1974 አብዮት በኋላ የትምህርት ዕድሉ በአመዛኙ ወደ ሶሻሊስት አገሮች ዞረ። ወደ ሶቪየት ኅብረት የሚሄድ ተማሪ በቅድሚያ ፖድፋክ በሚባለው የመሰናዶ ፋኩልቲ አንድ ዓመት ሩሲያኛ ይማር ነበር። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በኩባ ያደጉ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ትምህርታቸውን በስፓኒሽ የተከታተሉ ሲሆን፣ ከመካከላቸው ሐኪም የሆኑ ይገኛሉ። የቋንቋ ዝግጅቱ የተደራጀ ነበር። ሆኖም በአገር ውስጥ የሕክምና ትምህርቱም የሕመምተኛ ካርዱም በእንግሊዝኛ በመሆኑ ተመላሹ ሙያዊ ቃላቱን እንደገና መማር ነበረበት። በ1978 የጎንደር የሕክምና ኮሌጅ ከላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ሲከፈት ግን መምህሩ ወደ ተማሪው መጣ፤ ይህም የጉዞውን አቅጣጫ የለወጠ አሠራር ነበር።

የምዕራቡ በር በሌላ መንገድ ተደራጅቶ ነበር። በውጭ አገር የተመረቁ ሐኪሞችን የሚመዝነው የአሜሪካ ኮሚሽን በ1956፣ የብሪታንያው የፕላብ ፈተና በ1975 ጀመሩ። እነዚህ ፈተናዎች የሕመምተኛን ደኅንነት ለመጠበቅ የተዘጋጁ ናቸው። ነገር ግን ተፈታኙ ወራት ወስዶ የሚያጠናው በተቀባዩ አገር የሚታየውን በሽታና በዚያ ያለውን የሕክምና ሥርዓት ነው። ለጉዞ የሚደረገው ዝግጅት ራሱ፣ ሳይታሰብ፣ ለመቅረት የሚደረግ ዝግጅት የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ውጤቱም በአኃዝ ታይቷል። በ2000 የነበረውን ሁኔታ በዘጠኝ ተቀባይ አገሮች የሕዝብ ቆጠራ መሠረት የመረመረ ጥናት፣ በኢትዮጵያ ከተወለዱ ሐኪሞች ወደ 30 በመቶ የሚሆኑት በውጭ አገር ይሠሩ እንደነበር አመልክቷል። የቀሩትን ሁሉ በአገር ፍቅር ማነስ መውቀስ ፍትሐዊ አይደለም። አብዮትና እስር፣ የደመወዝ ማነስ፣ የመሣሪያ እጥረት፣ ለተማሩት ሙያ የሚሆን ክፍል አለመኖር ብዙዎችን አስቀርቷል። የዓለም ጤና ጉባኤ በ2010 ባጸደቀው የጤና ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ምልመላ የአሠራር ደንብም ኃላፊነቱ የባለሙያው ብቻ ሳይሆን የላኪውና የተቀባዩ አገርም እንደሆነ ታምኖበታል።

የቡታጅራ ምሳሌ

ሦስቱ ስንቆች በአንድነት የተሟሉበት አሠራርም በአገር ውስጥ አለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ጤና ክፍልና በስዊድን የኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ትብብር በ1980ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም፣ በዘጠኝ የገጠርና በአንድ የከተማ ቀበሌ የሚኖረውን ሕዝብ ልደት፣ ሞትና ፍልሰት በተከታታይ ይመዘግብ ነበር። የዶክትሬት ተማሪዎቹ የስታቲስቲክስና የኤፒዴሚዮሎጂ ዘዴ ለመማር ለተወሰነ ጊዜ ወደ ኡሜዮ ይሄዳሉ፤ ከዚያም መረጃ ለመሰብሰብ ወደ ቡታጅራ ይመለሳሉ። የመመረቂያ ጥናታቸው ስለ ቡታጅራ ሕፃናት ሞት፣ ስለ ቡታጅራ እናቶች፣ ስለ ቡታጅራ የአእምሮ ሕሙማን ነበር። ተማሪው ከአገር ሲወጣ ጥያቄው ተጽፏል፤ ሲመለስም ክፍሉ፣ ባልደረቦቹና መዝገቡ ይጠብቁታል።

ማጠቃለያ

የሐኪም ወርቅነህ ሕይወት፣ የዶክተር መላኩ ድካም፣ የልዕልት ፀሐይ ሞት፣ የዶክተር አክሊሉ ግኝትና የቡታጅራ ልምድ ወደ አንድ ነጥብ ያመራሉ። የውጭ አገር ትምህርት ዝግጅት የሚያልቀው በአውሮፕላን ማረፊያ አይደለም። ቋንቋና መሠረታዊ ዕውቀት ተማሪው በትጋቱ የሚያሟላው ነው። የአገር ጥያቄ ተማሪው ከመምህራኑና ከሚያክማቸው ሰዎች የሚያገኘው ነው፤ ከመሄዱ በፊት በገጠር ጤና ጣቢያ ያሳለፈው ጊዜ ለዚህ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። የመመለሻው ቦታ ግን በተማሪው አቅም ብቻ የሚዘጋጅ አይደለም። የላከው ሆስፒታል፣ ዩኒቨርሲቲና ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተማሪው ሲነሣ ክፍሉን፣ መሣሪያውንና አብረውት የሚሠሩትን ነርሶችና ቴክኒሻኖች ማሰብ መጀመር አለባቸው።

አበው መንገደኛን ስንቅ ሳይቋጥሩ አይሸኙም ነበር። ከሸኙም በኋላ ቤቱን ይጠብቁለታል፤ ማሳውን ያርሱለታል። ለተማሪውም የሚገባው ይኸው ነው።