ከደምበጫ እስከ ቡሬ፦ የአንዲት ቮልስ የቤንዚን ጎማ

በ2004 ዓ.ም. በወርሃ ጥር እናቴን ይዤ ከአዲስ አበባ ወደ ቡሬ እየወረድኩ ነበር። ደምበጫን አልፈን ጅጋ ስንቃረብ የቤንዚን ሽታ መኪናዋን ሞላት። እናቴ ነጠላዋን በአፍንጫዋ ላይ ይዛ «ኧረ ልጄ፣ ይሄ ነገር ደግ አይደለም» አለችኝ። አሮጌ ቮልስ መቼም መሽተቷ አይቀርም ብዬ መስኮት ከፈትኩና ነዳሁ። ዛሬ ሳስበው ይዘገንነኛል።

መንገዱ ታሪክ ያየ መንገድ ነው። የካቲት 25 ቀን 1933 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር የቡሬን ምሽግ ለቅቆ በማንኩሳ በኩል ወደ ደምበጫ ያፈገፈገው በዚሁ መስመር ነበር። ከሱዳን የገባው የዊንጌት የጌዴዎን ጦር ስንቁን የጫነው ከ10 ሺህ በሚበልጡ ግመሎች ሲሆን አብዛኞቹ በመንገድ አልቀዋል። ጃንሆይ ግን ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ የገቡት በአልፋ ሮሜዮ ነው። ጣሊያን ሲሄድ መኪናውን ብቻ ሳይሆን ቃሉንም ትቶልን ሄደ፤ ካንዴላ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቢቴ፣ ፖምፓ። የጀርመኗ ቮልስ እንኳ በጎጃም ጋራዥ የምትታከመው በጣሊያንኛ ነው።

ፍኖተ ሰላም ደርሰን አንድ ጋራዥ በር ላይ ቆምን። ሽማግሌው መካኒክ ሽታው ገና ሲደርሳቸው «አጥፋ! ሲጋራ የያዘ ሁሉ ይራቅ!» አሉ። የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር ነውና እናቴን አስወርደው የባትሪውን ገመድ ፈቱ። ረዳታቸው ውሃ በባልዲ ይዞ ሲመጣ ተቆጡት። የዚህች መኪና የሞተር አካል ማግኒዥየም ያለበት ቅይጥ ነው፤ አንዴ ከተያያዘ ውሃ ያብሰዋል እንጂ አያጠፋውም። አፈር አስመጡ።

ቤንዚኑ ያለው ከፊት፣ ሞተሩ ያለው ከኋላ ነው። በሁለቱ መካከል በወለሉ ውስጥ የብረት ቱቦ ያልፋል፤ በቱቦው ጫፎችና ከፖምፓው እስከ ካርቡራተሩ ግን አጫጭር ጎማዎች አሉ። (የ1948 እ.ኤ.አ. ፖርሽ 356፣ ያቺ ዝነኛ የስፖርት መኪና፣ ብዙ ዕቃዋን የተዋሰችው ከቮልስ ስለሆነ ባለጸጋውም ከዚህ ጣጣ አያመልጥም።) ሽማግሌው የኋላውን ጎማ ይዘው አጠፍ አደረጉት። ከላይ የተሸፈነበት ጨርቅ ደህና ይመስላል፤ ከሥሩ ግን እንደ ደረቅ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ጠብ ጠብ ይላል። የሚንጠባጠበውም እሳት ከሚረጨው ዲስትሪቢዩተር አጠገብ ነው።

«ልብሱ አታለለህ፣ ልጄ» አሉኝ።

ዕድሜ አንዱ ምክንያት ነው። ሁለተኛውን በኋላ ነው ያሰብኩት። በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቤንዚን ላይ 5 በመቶ ኢታኖል መቀላቀል ተጀመረ፤ በ2003 ዓ.ም. ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ። ኢታኖሉ የመጣው ከዓባይ ማዶ፣ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ነው። ለነዳጅ ወጪ መቀነሻ ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ በ1960ዎቹ የተሠራ ጎማ ግን ኢታኖል ይችላል ብሎ የሠራው የለም።

ለመንገድ ያህል በፕላስተር እንዲያስሩልኝ ለመንኳቸው። እምቢ አሉ። የውሃ ጎማ ቆርጠን እንቀጥል አልኩ፤ «ቤንዚን ያሟሟዋል፤ እናትህን ይዘህ ነው?» ብለው ዝም አሰኙኝ። ትክክለኛው ጎማ ከባሕር ዳር በአውቶቡስ እስኪላክ እዚያው አደርን።

በማግስቱ የፈሰሰውን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ጎማ ለወጡ፤ የፊተኛውንም ጭምር። ጫፉን በምላጭ ቀጥ አድርገው ቆረጡ፣ በማሰሪያ ብረት አጠበቁ፣ የብረት ቱቦውን በአየር ነፉ። ሞተሩ ሲነሳ በየመገጣጠሚያው ደረቅ ወረቀት ጠቅልለው ለረጅም ጊዜ ጠበቁ። ወረቀቱ ደረቅ ሆኖ ወጣ። አሮጌውን ጎማ «ለማስታወሻ» ብለው በእጄ አስጨበጡኝና ሸኙን።

እናቴ ግን ማንኩሳን እስክናልፍ ድረስ ነጠላዋን ከአፍንጫዋ አላወረደችም።