ከጉድጓዱ አፍ እስከ መማሪያ ክፍል፦ የአካባቢ ትምህርት በሞያሌ ድንበር

ዛሬ ሞያሌን ለሁለት የሚከፍለውን የወሰን መስመር የደነገገው ውል እ.ኤ.አ. በ1907 አዲስ አበባ ላይ ሲፈረም (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ድንጋጌ ይዞ ነበር። ከመስመሩ ወዲህና ወዲያ የሚኖሩ ጎሣዎች እንደ ቀድሞው በማዶ ግጦሽ እንዲጠቀሙ፣ ወደ ውኃ ጉድጓዶችም ያለ ከልካይ እንዲደርሱ ይፈቅዳል። ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት ወረቀት ላይ ወሰን ቢያሰምሩም፣ በዚህ ምድር ሣርና ውኃ በመስመር እንደማይገቱ ሳይረዱት አልቀሩም።

በቦረና ዘንድ ጉድጓድ ውኃ የሚቀዳበት ስፍራ ብቻ አይደለም። ቱላ ከሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች አንዳንዶቹ ወደ 30 ሜትር ይወርዳሉ። ወጣቶች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ ያቀባብላሉ። ማን መቼ እንደሚያጠጣ የሚያዝዘው አባ ሄሬጋ፣ የተራ አባት እንደማለት፣ ነው። በበጋ ከብቱ በየሦስተኛው ቀን ተራውን ጠብቆ ይጠጣል። ሕጉ ደግሞ በየ8 ዓመቱ በሚሰበሰበው የጉሚ ጋዮ ጉባኤ እየተመከረበት ይታወጃል። ውኃው ለስንት ከብት እንደሚበቃ፣ የትኛው ግጦሽ ለክፉ ቀን እንደሚቆይ ልጁ የሚማረው እዚያው ነው። ደብተርና ጠመኔ የለውም እንጂ ትምህርት ቤት ነው።

ዓለም ስለ አካባቢ በጉባኤ መምከር የጀመረው ዘግይቶ ነው። በ1972 የስቶክሆልም ጉባኤ ተካሄደ፤ በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ተቋቁሞ መቀመጫው ናይሮቢ ሆነ። በ1977 በትብሊሲ የተሰበሰቡት መንግሥታት ተማሪው የአካባቢን ጉዳይ ከዓለም አንጻር ብቻ ሳይሆን ከገዛ መንደሩም አንጻር እንዲመረምር መከሩ። በዚያው ዓመት ዋንጋሪ ማታይ በኬንያ የአረንጓዴ ቀበቶ እንቅስቃሴን መሠረቱ።

ይሁን እንጂ ትምህርቱ ወደ ሞያሌ የመጣው ከሁለት ደጋ ዋና ከተሞች ወርዶ ነው። ናይሮቢም አዲስ አበባም አካባቢን በዛፍ ይለካሉ። የ2010 የኬንያ ሕገ መንግሥት የአገሪቱ የዛፍ ሽፋን ቢያንስ 10 በመቶ እንዲደርስ ያዝዛል። ኢትዮጵያ በ2019 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መትከሏን አስታውቃለች። ችግኝ መትከል የሚነቀፍ ሥራ አይደለም፤ ማታይንም በ2004 ለኖቤል የሰላም ሽልማት ካበቋቸው ሥራዎች አንዱ ነው። ነገር ግን የሞያሌ ዙሪያ የሚኖረው በሣር ነው። ለከብት አርቢ ዛፍ የበዛበት መሬት ሁሉ የለማ መሬት አይደለም።

ለዚህ ከእሳቱ ታሪክ የበለጠ ምስክር የለም። የቦረና አርቢዎች ግጦሹን አልፎ አልፎ፣ ዝናብ ከመግባቱ በፊት፣ ያቃጥሉ ነበር። እሳቱ መዥገርን ይቀንሳል፣ እሾሃማውን ቁጥቋጦ ገና ሳይጠነክር ይገታል፣ ለአዲስ ሣርም መንገድ ይከፍታል። በ1970ዎቹ አጋማሽ የኢትዮጵያ መንግሥት ቃጠሎን ከለከለ። በደጋው አስተሳሰብ እሳት የተፈጥሮ ጠላት ነውና፣ እገዳው ለተፈጥሮ ከመቆርቆር የመጣ ነበር። ውጤቱ ግን ሌላ ሆነ። ቁጥቋጦው ሜዳውን እየወረረ ሄደ፤ ሣሩ ሳሳ። ከብት የሚበላው ሲያጣ፣ ቅጠል ለሚቀነጥቡት ፍየልና ግመል ቦታውን ለቀቀ። ሁሉንም በእገዳው ማሳበብ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው፤ የሰፈራ መስፋፋትና የግጦሽ ጫና የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ሆኖም ኋላ የመጡ የግጦሽ መሬት ተመራማሪዎች ቃጠሎው በቁጥጥር ሥር እንዲመለስ እስከ መምከር ደርሰዋል። ሽማግሌዎቹ ግን ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቁት ነበር።

ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 ድረስ ዝናብ ለአምስት ተከታታይ ወቅቶች ሲጠፋ፣ ከድንበሩ በሁለቱም በኩል ከብት አለቀ። የዚያን ጊዜ ተማሪ ስለ ምድር መሞቅ ከመጽሐፉ አንብቦ፣ የአባቱን በረት ባዶነት በዓይኑ አይቷል። ሁለቱን የሚያገናኝለት ትምህርት ያስፈልገዋል። የኬንያ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በታችኛው አንደኛ ደረጃ ራሱን የቻለ የአካባቢ ትምህርት ስላለው፣ ቢያንስ በሩ ክፍት ነው። ችግሩ ከውስጥ ምን ይገባል የሚለው ነው። ቃጠሎው በታገደበት ዘመን ከብት ይጠብቅ የነበረ የ12 ዓመት ልጅ ዛሬ 60ን አልፏል። ሣሩ መቼ እንደሚቃጠል፣ ነፋሱ ከየት ሲነፍስ እንደሚታደግና እሳቱ የት ላይ እንደሚገታ የሚያውቀው እርሱ ነው። የልጅ ልጁ የሚማርበት ክፍል ደግሞ ከቤቱ በእግር የሚደረስ ነው።