ለአየር ሁኔታ ተከታታይ ታዳጊዎች የሚሆን የስጦታ መሣሪያ አመራረጥ

ደመናን፣ ዝናብንና ነፋስን በጉጉት ለሚከታተል ታዳጊ ስጦታ የሚሆኑ መሣሪያዎች ልዩ ልዩ ቢሆኑም፣ ምርጫው ሊመሠረት የሚገባው በመልካቸው ወይም በዋጋቸው ሳይሆን ታዳጊው በሚኖርበት ስፍራ በትክክል መሥራት በመቻላቸው ላይ ነው። የተዛባ ቁጥር የሚያሳይ መሣሪያ የተሰጠው ልጅ ጉድለቱ የራሱ መስሎት ክትትሉን ሊተወው ይችላል።

ለዚህ ዓይነተኛው ምሳሌ ባሮሜትር ወይም የአየር ግፊት መለኪያ ነው። በግድግዳ ላይ የሚሰቀሉት የቤት ባሮሜትሮች በአብዛኛው የተሠሩት ለባሕር ጠለል ቅርብ ለሆኑ ስፍራዎች ሲሆን፣ የብዙዎቹ ሰሌዳ የሚጀምረው ከ900 ሄክቶፓስካል በላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ አካባቢ የምትገኝ በመሆኗ የአየር ግፊቷ ከ800 ሄክቶፓስካል በታች ነው። በመሆኑም ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የመጣ ባሮሜትር መርፌው ከሰሌዳው ግርጌ ወርዶ ይቀራል። ለምድር ወገብ በቀረቡ አገሮች ግፊቱ በየዕለቱ ሁለት ጊዜ ከፍና ዝቅ የሚል ሲሆን፣ ይህ የተለመደ ሂደት እንጂ የዝናብ ምልክት አይደለም። መሣሪያው ለደጋ ልጅ ከጌጥነት ያለፈ ጥቅም የለውም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በአንጻሩ የዝናብ መለኪያ በየትኛውም ከፍታ ይሠራል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ የፈሰሰ አንድ ሊትር ውኃ ማለት በመሆኑ ታዳጊው ሒሳቡን በቀላሉ ይረዳዋል። የመለኪያው አፍ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ቢኖረው ይመረጣል። ከአሜሪካ የሚመጣው በኢንች የተከፈለ ሊሆን ስለሚችል አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር መሆኑን ከስጦታው ጋር ጽፎ መስጠት ይገባል። መሣሪያው ከግድግዳና ከዛፍ ቢያንስ የከፍታቸውን ሁለት እጥፍ ርቆ ይተከላል፤ በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይም ይነበባል። መግዛት ለማይችሉ ቤተሰቦች የላስቲክ ጠርሙስን አንገት ቆርጦ በመገልበጥ፣ ግርጌውን በጠጠር ሞልቶና ውኃ እስከ ዜሮ መስመሩ ጨምሮ መሥራት ይቻላል።

የዚህ ቀላል መሣሪያ ጥቅም ከጨዋታ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1997 በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት በፎርት ኮሊንስ ከተማ ጎርፍ አምስት ሰዎችን በገደለበት ወቅት፣ በከተማዋ አንድ ወገን ከ350 ሚሊ ሜትር በላይ ሲዘንብ በሌላው ወገን የዘነበው ከ50 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነበር። ይህም በቀጣዩ ዓመት ነዋሪዎች በየግቢያቸው ዝናብ የሚለኩበት ኮኮራስ የተባለ የበጎ ፈቃደኞች መረብ እንዲመሠረት ምክንያት ሆኗል።

ቴርሞሜትር የሚሰጥ ሰው ባለ ሜርኩሪውን ትቶ በቀይ አልኮል የሚሠራውን ቢመርጥ ይሻላል፤ ከተሰበረ ሜርኩሪ የሚወጣው ተን መርዛማ ነውና። ቴርሞሜትር ፀሐይ ላይ ከተሰቀለ የሚለካው የአየሩን ሳይሆን የራሱን ሙቀት በመሆኑ፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ከመሬት ከ1.25 እስከ 2 ሜትር ከፍታ ላይ መቀመጥ ይኖርበታል።

ለስጦታው የዓለም ሜትሮሎጂ ቀን የሚከበርበት መጋቢት 14 አመቺ ሲሆን፣ የክረምቱ ዝናብ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ከሰኔ ጀምሮ ስለሚጠናከር ለዝግጅት በቂ ጊዜ ይሰጣል። ከመሣሪያው ጋር የተሰመረ ደብተር አብሮ ሊሰጥ ይገባል። ዝናብ ያልጣለበት ቀን በደብተሩ 0 ተብሎ ይመዘገባል እንጂ ቦታው ባዶ አይተውም።