ያለፈ ደስታ በጀርመንኛ

በደቡብ አዲስ አበባ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ «ጀርመን አደባባይ» የሚባል ስፍራ አለ። የአገር ስም በአደባባይ ሊጻፍ ይችላል፤ የአገሩ ቋንቋ ግን የሚኖረው በሰው አንደበት ነው።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በርካታ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ለትምህርት ወደ ምሥራቅ ጀርመን ተጉዘዋል። ለውጭ አገር ተማሪዎች ጀርመንኛን ያስተምር የነበረው የላይፕዚጉ ሄርደር ተቋም ነው። ሰዋስው በክፍል ውስጥ ይጠናል፤ ያለፈን ደስታ መተረክ ግን የሚለመደው ከጓደኛ ጋር በሚደረግ ጨዋታ ነው። «ኤስ ቫር ሼን» ሲሉ «ደስ ይል ነበር» ማለታቸው ነው፤ «ዳስ ቫር ቶል» ደግሞ «ግሩም ነበር»። «ቶል» በጥንቱ ፍቺው «እብድ» ነው። «ፕሪማ» የሚለው የአድናቆት ቃል ከኢጣሊያንኛ በንግድ በኩል የገባ ነው፤ የአማርኛው «አሪፍም» ምንጩ ዐረብኛ ነው። ሕዝብ ደስታውን ለመግለጽ ከገበያም ከጎረቤትም ቃል ይዋሳል።

በ1983 ዓ.ም. በመስከረም ምሥራቅ ጀርመን፣ በግንቦት የደርግ መንግሥት አከተመ። ተማሪዎቹን የላከውም የተቀበለውም መንግሥት በአንድ ዓመት ውስጥ አለፈ። «ቫር»፣ ማለትም «ነበር»፣ ግን ከተናጋሪው ጋር ቀረ፤ የሚመሰክረውም ስለ መንግሥታቱ ሳይሆን ስለ ወጣትነት ነው። ይህ ምስክርነት ባለቤቶቹ በሕይወት ሳሉ ሊጻፍ ይገባዋል።