የላማሌራ ታንኳዎችና የድርሻ ሥርዐት

ከጃቫ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ እስከ ቲሞር በሚዘረጋው የኢንዶኔዥያ የደሴቶች ሰንሰለት፥ ረዥሙ የፍሎሬስ ደሴት ከሚያበቃበት ቀጥሎ፥ ሶሎር፥ አዶናራና ሌምባታ የተባሉ ሦስት ደሴቶች ተከታትለው ይገኛሉ። ከሦስቱ በምሥራቅ በኩል የመጨረሻው፥ ቀድሞ ሎምብሌን ይባል የነበረው ሌምባታ፥ በሰሜኑ ሌዎቶሎክ የተባለ እሳተ ገሞራ፥ በደቡቡም ላባሌካን የተባለ ተራራ ያለበት ሲሆን፥ ከዚህ ከደቡቡ ተራራ ግርጌ፥ ቍልቍለቱ በሳዉ ባሕር በሚያበቃበት ጠባብ የባሕር ዳርቻ ላይ፥ ላማሌራ የምትባል መንደር አለች። የላይኛውና የታችኛው ሠፈር ተብላ በሁለት የተከፈለችው ይህች መንደር ሕዝቧ 2000 ያህል ቢሆን ነው፤ መሬቷ ድንጋያማና ገደላማ በመሆኑ ለእርሻ የሚበቃ ቦታ የላትም፤ ነገር ግን ባሕሩ ከዳርቻው ጥቂት እንደራቁ ወዲያው እጅግ ጥልቅ ስለሚሆን፥ በዚያ ጥልቀት ውስጥ የሚመላለሰው ባለጥርሱ ታላቅ ዓሣ ነባሪ፥ የአገሩ ሰዎች ኮታክሌማ የሚሉት፥ ከመንደሩ ደጃፍ ሊታይ በሚችልበት ርቀት ያልፋል።

ስለ ላማሌራ የጻፉት ብዙዎቹ ልባቸው የተማረከው የመንደሪቱ ጦረኛ ይህን ዓሣ ነባሪ ሊያድን ከታንኳው ጫፍ ዘሎ ጦሩን በአውሬው ጀርባ ላይ በሚተክልበት ቅጽበት ነው፤ ቅጽበቱም በእውነት የሚያስደነግጥ ነው። እኔ ግን የዚህችን መንደር ታሪክ ባጠናሁ ቍጥር ከዝላዩ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ከዝላዩ በኋላ የሚመጣው፥ ማለት አንድን ግዙፍ ፍጥረት ለመንደር ሁሉ፥ ለባልቴቱና ለእጓለ ማውታው ሳይቀር፥ ያለ ሚዛንና ያለ ዳኛ ለማካፈል የቻለው ሥርዐት ነው። የላማሌራን ታሪክ በድንጋይ ላይ የተቀረጸ ወይም በብራና የተጻፈ ሆኖ የሚፈልግ ሰው ብዙ አያገኝም፤ ታሪኳ ያለው በታንኳዋ ሳንቃና በሥጋው ድርሻ ላይ ነው።

በአባቶች አፍ ሲወራረድ የመጣው ትውፊት እንደሚለው፥ የላማሌራ ሰዎች የዚያ ምድር ተወላጆች አይደሉም። የጥንት አባቶቻቸው ከሩቅ፥ ከሱላዌሲ ደሴት በኩል ተነሥተው፥ ከደሴት ወደ ደሴት ሲሸጋገሩ ኖረው፥ በመጨረሻ በሌምባታና በፓንታር መካከል በነበረች ሌፓን ባታን በተባለች ደሴት ተቀምጠው ሳሉ፥ ባሕር ተነሥቶ ደሴቲቱን ስላጠፋት ተሰደው ወደ ዛሬው ስፍራ መጡ። ይህን ነገር ተረት ነው ብሎ ለመተው የሚቸኩል ሰው፥ ሐምሌ 18 ቀን 1979 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በዚያው በሌምባታ ደቡብ ዳርቻ የተራራ ናዳ ወደ ባሕር ወርዶ ያስነሣው ማዕበል ከ500 በላይ ሕዝብ እንደ ፈጀ ቢያስታውስ፥ የሽማግሌዎቹን ቃል በአክብሮት ለመስማት ይገደዳል።

ስደተኞቹ በመጡ ጊዜ መሬቱ ባለርስት ነበረው። ስለዚህም ባሕሩን የሚያውቁት እንግዶች ከባለርስቶቹ ዘንድ የመቀመጫ ቦታ ተቀብለው፥ ከመሪያቸው ከኮሮሐማ ዘር ቤሊኮሎሎንግ፥ ባታኦናና ሌዎቱካን የተባሉ ሦስት የአለቅነት ወገኖች ወጡ፤ ባለርስቶቹም ርስታቸውን ስላካፈሉ ከባሕሩ በረከት ተካፋዮች ሆኑ፤ ይህም እስከ ዛሬ አልተሻረም።

በጽሕፈት ረገድ ስለዚህ አደን የሚናገረው ጥንታዊ ምስክር በ1624 የተጻፈ፥ የጸሓፊው ስም ያልተገለጠ የፖርቱጋል ሰነድ ነው። ፖርቱጋሎች የምሥራቁን ቅመምና የሰንደል እንጨት ሲሹ ወደነዚህ ደሴቶች ከደረሱ በኋላ፥ የዶሚኒካውያን ማኅበር መነኰሳት በ1566 በሶሎር ላይ ምሽግ ሠርተው ነበር፤ ምሽጉንም ሆላንዶች በ1613 ያዙባቸው። በዚህ ፉክክር መካከል፥ በእኛ አገር ዐፄ ሱስንዮስ ነግሠው ከጎዋ የመጡት ኢየሱሳውያን በቤተ መንግሥታቸው ተሰሚነት ባገኙበት በዚያው ዘመን ማለት ነው፥ ያ ያልታወቀ ጸሓፊ የደሴቶቹ ሰዎች ዓሣ ነባሪን በጦር እየወጉ ለዘይቱ ሲሉ እንደሚያድኑ መዘገበ፤ ከአውሬው ሆድ የሚገኘውንም ዐንበር ይነግዱበት እንደ ነበረ ከቃሉ ይታወቃል። ይህን ሰነድ ከላማሌራ ታሪክ ጋራ አያይዞ ያብራራው፥ ከ1979 ጀምሮ በመንደሪቱ እየተቀመጠ ያጠናውና በ1996 ስለ ባሕር አዳኞቿ ሰፊ መጽሐፍ ያሳተመው የኦክስፎርዱ ሊቅ ሮበርት ባርንስ ነው። የእንግሊዝና የአሜሪካ ዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከቦች በዚያ ባሕር የታዩት ሰነዱ ከተጻፈ ከብዙ ዘመን በኋላ ስለሆነ፥ ላማሌራ ጥበቧን ከባዕድ ተማረች የሚለው ግምት በዚህ ይፈርሳል።

አሁን ወደ ታንኳው እንመለስ። የአገሩ ሰው ቴና የሚለው ይህ ሐመር ርዝመቱ ከ10 ሜትር የሚያልፍ ሲሆን፥ በሥራው ላይ አንድም የብረት ምስማር አይገባበትም። ጠራቢው ሥራውን የሚጀምረው ከታችኛው ዋና ግንድ ነው፤ ከዚያም እያንዳንዱን ሳንቃ ከአባቱ በተማረው መጠንና ተራ እየቀረጸ፥ ጠርዝ ከጠርዝ ገጥሞ፥ በውስጥ በሚቀበር የእንጨት ካስማ ያያይዘዋል፤ ቀፎው ካለቀ በኋላ የጎን አጥንቶቹን አግብቶ በገመድ ይጠፍራቸዋል። በዚህ ምክንያት ዓሣ ነባሪው በጅራቱ ሲመታው ታንኳው ይለመጣል እንጂ እንደ ሸክላ አይሰበርም፤ ቢፈታም ተመልሶ ይጠፈራል። ሸራው ከዘንባባ ቅጠል የተጠለፈ ምንጣፍ ነው። ከግንባሩም ወደ ፊት የቀርከሃ መቆሚያ ይወጣል፤ ላማፋ የሚባለው ጦረኛ የሚቆመው በእርሱ ላይ ነው። ከሁሉ የሚበልጥ ክብር የሚሰጠው ግን ሌዎ ለሚባለው ዋና ገመድ ነው፤ እርሱም በእጅ ከተፈተለ ጥጥ ተገምዶ በዛፍ ልጥ ውሃ የተነከረ ሲሆን፥ የታንኳው ነፍስ በእርሱ ውስጥ እንዳለ ያምናሉ።

ታንኳ እንደ ሰው ስም አለው፤ ስሙም አይሞትም። ኬባኮ ፑካ፥ ኬና ፑካ፥ ፕራሶ ሳፓንግ የመሳሰሉት ስሞች ከትውልድ ወደ ትውልድ ተላልፈዋል፤ ሳንቃው አርጅቶ ሲጣል በዚያው ስም አዲስ ይጠረባል፤ በባሕር የጠፋ እንደ ሆነ ግን ለሞተ ሰው እንደሚደረገው ሁለት ወር ያለቅሱለታል፥ ሻማም ያበሩለታል፤ ይህ ከተፈጸመ በኋላ ነው መልሰው የሚሠሩት።

የአደኑ ወራት ከግንቦት ጀምሮ ዝናብ በሌለበት ጊዜ ሁሉ ይቈያል፤ ከዚያ ውጭ ግን የዓሣ ነባሪ እስትንፋስ ከሩቅ ሲተፋ ያየ ሰው «ባሌዎ!» ብሎ ሲጮኽ ጩኸቱ ከቤት ወደ ቤት ተቀባብሎ መንደሩ ሁሉ ወደ ባሕር ይሮጣል። ታንኳው ሲቀርብ ሸራው ይጠቀለላል፥ ቀዛፊዎቹ እየዘመሩ ይቀዝፋሉ፥ ላማፋው የቀርከሃ ዘንግ ያለውን ጦር በሁለት እጁ ይዞ ይዘልና የአካሉን ክብደት ሁሉ በጦሩ ላይ ያሳርፋል፤ ከዚያም ዋኝቶ ወደ ታንኳው ይመለሳል። የተወጋው አውሬ ታንኳውን ይጎትታል፤ አንዳንድ ጊዜም ወደ ጥልቁ ያሰምጠዋል። በ1994 ተጎትተው ከአገራቸው እይታ የጠፉ አዳኞች ብዙ ቀን በባሕር ከተንከራተቱ በኋላ ያዳናቸው በዚያ ያለፈ የመንገደኞች መርከብ ነበር። ጥርስ የሌለውን ታላቁን ዓሣ ነባሪ ግን አይወጉም፤ በጥንት ዘመን አባቶቻችንን ከመስጠም ያዳነ ነው ይላሉና።

እንግዲህ ድርሻው። የተገደለው ኮታክሌማ በአሸዋው ላይ ተጎትቶ ሲቀመጥ ማንም እንደ ፈቀደ አይቈርጥም። ከራስ እስከ ጅራት እያንዳንዱ ክፍል ባለቤቱ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ከራሱ በኩል ያለው የባለርስቶቹ ነው፤ የላማፋው፥ የቀዛፊዎቹ፥ ታንኳው የሚገኝበት ወገን ማኅበርተኞች ድርሻ እየራሱ አለ፤ ታንኳውን የሠራው ጠራቢ፥ የጦሩን ስለት ያወጣው ባለ እጅ ቀጥቃጭ፥ ሸራውን የሰፋውም ሰው፥ በዚያ ቀን ወደ ባሕር ባይወጡም እንኳ፥ ድርሻቸው አይቀርም። ከዚያም እያንዳንዱ ከደረሰው ላይ ለዘመዱና ለጎረቤቱ፥ ጧሪ ለሌላቸው ባልቴቶችም ያካፍላል። ጠብና ቂም ያለበት መንደር ዓሣ አያገኝም ብለው ስለሚያምኑ፥ አደኑ ሳይቀና የሰነበተ እንደ ሆነ ምክንያቱን የሚፈልጉት በባሕሩ ሳይሆን በመካከላቸው ነው፤ የተጣላ ይታረቃል፥ የበደለ ይናዘዛል፥ ታንኳውም ጸበል ይረጫል። የሥጋ ድርሻና የኅሊና ሰላም በዚህ ዐይነት አንድ ላይ የተጠፈሩበት ሕግ ባለጠጎችና ኀያላን በሚባሉት አገሮች ስንኳ ብዙ አልተገኘም።

ሥጋው ተዘልዝሎ በየቤቱ ደጅ በቀርከሃ ላይ ይሰጣል፤ የሚንጠባጠበው ዘይት ይጠራቀማል። ቋንጣ ሲሆን የሴቶቹ ሥራ ይጀምራል። በእንስራ ፈንታ ቋንጣ፥ ጨውና ከባሕር ድንጋይ የተቃጠለ ኖራ በራሳቸው ተሸክመው ወደ ተራራው መንደሮች ይወጣሉ፤ ወይም ቅዳሜ ቅዳሜ ወደሚቆመው ወደ ዉላንዶኒ ገበያ ይሄዳሉ። በዚያ ገበያ የተራራው ሴቶች በአንድ ወገን፥ የባሕሩ ሴቶች በሌላ ወገን ዕቃቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ፤ ቀረጡ ተሰብስቦ ፊሽካ እስኪነፋ ድረስ ማንም አይለዋወጥም፤ ከተነፋ በኋላ ግን በገንዘብ ሳይሆን በልማድ ዋጋ፥ አንድ ዝልዝል ቋንጣ በ12 በቆሎ ወይም በ12 ሙዝ ይለወጣል። እህል የማታበቅለው መንደር የምትበላው እህል በዚህ መንገድ ይገኛል፤ ባሕርን አይቶ የማያውቅ ገበሬም የባሕሩን ሲሳይ ይቀምሳል።

የክርስትና ሃይማኖት ወደ ላማሌራ የገባው በ1886 ሲሆን፥ በላራንቱካ ተቀምጠው ያስተምሩ የነበሩት ኢየሱሳውያን ካህናት በዚያ ዓመት መጥተው ሕፃናትን አጠመቁ። በ1920 ደግሞ ቤርናርዱስ ቦዴ የተባለው ጀርመናዊ፥ የመለኮታዊ ቃል ማኅበር ካህን፥ በመንደሪቱ መኖሪያውን አደረገ። ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት የተስፋፉት ከዚህ ወዲህ ነው። አሮጌው እምነት ግን ፈጽሞ አልጠፋም። የአደኑ ወራት ከመከፈቱ በፊት የባለርስቶቹ ሽማግሌ ወደ ተራራው ወጥቶ ዓሣ ነባሪውን ወደ ባሕሩ የሚጠራበትን ሥርዐት ይፈጽማል፤ በሚያዝያ 30 ማታ በባሕሩ ዳር በቅዱስ ጴጥሮስ ጸሎት ቤት አጠገብ በባሕር ለቀሩት ነፍሳት ጸሎተ ፍትሐት ይደረግላቸዋል፥ ሻማም ይበራላቸዋል፤ በማግሥቱ ግንቦት 1 ቀን ቅዳሴ ተቀድሶ ታንኳዎቹ ይባረካሉ። ሰንበትንም አክብረው አያድኑም።

ከዚያች መንደር ትምህርት ቤት የወጡት ሰዎች አገራቸውን አላሳፈሩም። የኢንዶኔዥያን ቋንቋ ሰዋስው የጻፈው ስመ ጥሩው ሊቅ ጎሪስ ኬራፍ የላማሌራ ልጅ ነው፤ የገዛ መንደሩንም ንግግር መርምሮ ጽፎበታል። ከ1999 እስከ 2001 የኢንዶኔዥያ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትር የነበረው ሶኒ ኬራፍም የተወለደው በላማሌራ ነው።

በ1973 የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት አደኑን ዘመናዊ ለማድረግ አንድ የኖርዌይ አዳኝ ወደ ሌምባታ ላከ፤ ሥራውም በሦስት ዓመት ውስጥ ተቋረጠ። ሐሳቡ ከቅን ልብ የመነጨ እንደ ሆነ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ጠራቢ ባልጠረበው መርከብ፥ የመንደሩ ቀጥቃጭ ባልቀጠቀጠው ጦር የተገደለ ዓሣ የማን ድርሻ ሊሆን ኖሯል? ከዚያ ወዲህ ዘመኑ በተቃራኒው ዞረና፥ ሌሎች ደግሞ አደኑ እንዲቀር ፈለጉ። በ2009 የሳዉ ባሕር ጥብቅ ስፍራ እንዲሆን መንግሥት ባወጀ ጊዜ፥ የላማሌራ ሰዎች አጥብቀው ስለ ተቃወሙ የሌምባታ ባሕር ከክልሉ ውጭ ቀረ። ዓሣ ነባሪን በመርከብና በመድፍ ሊያጠፉት የደረሱት የታላላቅ አገሮች ኩባንያዎች ነበሩ፤ ላማሌራ በዓመት 20 ያህል ብታገኝ ቀንቷታል፤ እጅግ ብዙ ተያዘ በተባለበት በ1969 እንኳ 56 ነበር። የፍጥረትን መጥፋት የሚፈሩትን አከብራለሁ፤ ሆኖም የሌላውን በደል ዕዳ ይህች መንደር እንድትከፍል መፍረድ ለእኔ ቅን ፍርድ አይመስለኝም።

ዛሬ የመንደሩ ጎበዛዝት ጆንሰን የሚሉት ባለሞተር ጀልባ አላቸው። በእርሱ ሌላውን ዓሣ ያጠምዱበታል፤ ኮታክሌማ ሲታይም ቴናውን ጎትቶ ወደ ባሕሩ መካከል የሚያደርሰው እርሱ ነው፤ ላማፋው የሚዘለው ግን ያው ከቴናው ነው። ቅዝፈቱ ቀለለ፤ ሸራ የሚሰፋም ሰው አነሰ። ለጠራቢው፥ ለቀጥቃጩና ለሸራ ሰፊው ክፍል የመደበው አሮጌው ሕግ ለሞተሩ ባለቤትና ለነዳጅ ገዢው የቈረጠው ድርሻ ስላልነበረው፥ አባቶቻቸው ለባለርስቶቹ እንዳደረጉት ሁሉ፥ የአሁኖቹ ሽማግሌዎች በአሸዋው ላይ ቆመው የአዲሱን ተካፋይ ድርሻ ራሳቸው ሊወስኑ ግድ ሆኖባቸዋል።